ሙታንን ማስታወስ ሕያዋንን ማደራጀት ነው

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ኃይሎች ጋር ባደረገው ረዥም ትግል ያሸነፈባቸውም የተሸነፈባቸውም ጊዜያት ብዙ ናቸው። ሽንፈቱን ረስቶ ያለፈ ሕዝብ ያንኑ ሽንፈት ደግሞ ሲቀበል፣ ሽንፈቱን መርምሮ መንስዔውን የለየ ሕዝብ ግን በሁለተኛው ጊዜ አደጋውን ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ይህ አባባል ባዶ መፈክር አለመሆኑን የሚያረጋግጡ ማስረጃዎች በየአገሩ ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው በኩባ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በካማጉዌይ ክፍለ ሀገር የምትገኘውን የሳንታ ክሩዝ ዴል ሱር ከተማን ታሪክ ነው።

ሳንታ ክሩዝ ዴል ሱር ትልቅ ከተማ አይደለችም። የነዋሪዎቿ ኑሮ ከባሕሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ዓሣ አጥማጁ በጀልባው፣ ሠራተኛው ከባሕር የሚገኘውን ምርት በማዘጋጀት ይተዳደራሉ። በዓለም ካርታ ላይ ስሟን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ይሁን እንጂ ይህች ትንሽ ከተማ በ76 ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ወርና በአንድ ቀን ልክ ሊባል በሚችል ሁኔታ፣ ከአንድ ዓይነት አደጋ ጋር ሁለት ጊዜ ተፋጥጣለች። በመጀመሪያው ጊዜ ባሕሩ ከሕዝቧ መካከል ግማሽ ያህሉን ይዞ ሄደ። በሁለተኛው ጊዜ ቤት አፈረሰ፣ ንብረት አወደመ፤ ነፍስ ግን አላገኘም። በሁለቱ ቀናት መካከል ምን ተለወጠ? የጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ጥቅምት 30 ቀን 1925 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 9 ቀን 1932፣ ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በካሪቢያን አካባቢ «ሃሪኬን» እየተባለ የሚጠራው ከባድ አውሎ ነፋስ ከኦክቶበር ወር መጨረሻ ጀምሮ በባሕሩ ላይ ሲጠናከር ሰንብቶ ወደ ሰሜን ታጠፈ። በኖቬምበር ወር ከተመዘገቡት የአትላንቲክ አውሎ ነፋሶች ሁሉ እስከ መጨረሻው፣ ማለትም እስከ 5ኛው የኃይል ደረጃ የደረሰው እርሱ ብቻ ነው። ወደ ኩባ ጠረፍ ሲደርስ ጥቂት ቢዳከምም የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊገነዘበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አብዛኛውን ሰው የገደለው ነፋሱ ሳይሆን ውሃው ነው። አውሎ ነፋስ በሰፊ ባሕር ላይ ሲነፍስ የባሕሩን ውሃ ከፊቱ እየገፋ ይሄዳል። የአየሩም ግፊት ስለሚቀንስ የባሕሩ ወለል ከፍ ይላል። ውሃው ጥልቅ በሆነ ስፍራ ወደ ታችና ወደ ጎን መሸሻ ያገኛል። በሳንታ ክሩዝ ዴል ሱር ፊት ለፊት ያለው ባሕር ግን ጥልቀት የሌለው በመሆኑ የተገፋው ውሃ መሄጃ አጥቶ በየብሱ ላይ ይወጣል። በዚያን ዕለት የተነሣው ውሃ ከፍታው እስከ 6 ሜትር ተኩል ደርሷል፤ ይህም ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ያህል መሆኑ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። በዝቅተኛ ጠረፍ ላይ የተሠሩት የእንጨት ቤቶች ይህን ክብደት ሊቋቋሙት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከተማዋ ጠፋች ለማለት ይቻላል። በኩባ ምድር ከ3,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሳንታ ክሩዝ ዴል ሱር ነዋሪዎች ነበሩ። በኩባ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ሕይወት ያጠፋ የተፈጥሮ አደጋ የለም። ከኩባ በስተ ደቡብ በምትገኘው በትንሿ የካይማን ብራክ ደሴትና በዙሪያዋ ባለው ባሕር ላይም ከ100 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ያለቀው አውሎ ነፋሱ ሳይታወቅ በድንገት ስለ መጣ ነውን? እንዲህ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አውሎ ነፋሱ ለቀናት በባሕር ላይ የቆየ ነበር። ፌሚዩስ የተባለች የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ከኖቬምበር 5 ቀን ጀምሮ በውስጡ ተይዛ ስትንገላታ ሰንብታለች። ኩባም በዚያን ጊዜ በሜትሮሎጂ ሊቁ በሆሴ ካርሎስ ሚያስ የሚመራ ብሔራዊ የአየር ጠባይ መከታተያ ጣቢያ ነበራት። የጎደለው ዕውቀት ብቻ አልነበረም። የጎደለው ዕውቀቱን ከሀቫና አንሥቶ እስከ ዓሣ አጥማጁ ደጃፍ የሚያደርስ፣ አድርሶም ዓሣ አጥማጁን፣ አሮጊት እናቱንና ሕፃን ልጁን ተሸክሞ ወደ ደጋ የሚያወጣ ድርጅት ነው። ጊዜው የጄራርዶ ማቻዶ አምባገነን አገዛዝ የመጨረሻ ወራት ነበር። የስኳር ዋጋ ወድቆ ሕዝቡ በከባድ ችግር ውስጥ ይገኝ ነበር። የጠረፍ ነዋሪዎችን አስቀድሞ የማንሣት ኃላፊነት የተሰጠው ቋሚ አካል ስላልነበረ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለራሱ ብቻውን ይወስን ነበር። ብቻውን የሚወስን ሰው ደግሞ ቤቱን፣ ዶሮዎቹንና ጀልባውን ትቶ ለመሄድ ይከብደዋል። ነፋሱ ባለፉት ጊዜያት እንዳለፈ ሁሉ አሁንም ያልፋል ብሎ ይጠብቃል። እርዳታ የደረሰው ካለፈ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው።

ከለቅሶ ወደ ዝክር፣ ከዝክር ወደ ሥራ

የተረፉት ሰዎች ሙታናቸውን እንደ ወጉ አንድ በአንድ ለመቅበር አልቻሉም። አስከሬኑ ብዙ፣ የበሽታውም ስጋት ከባድ ስለነበረ ገሚሱ ተቃጥሏል፤ ገሚሱ በጋራ ጉድጓድ ተቀብሯል። እናት የልጇን መቃብር ለይታ «ይህ ነው» ለማለት አልቻለችም። በዚህ የተነሣ የከተማዋ ኀዘን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ ኀዘን ሊሆን አልቻለም፤ የሁሉም ሆነ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ በየዓመቱ ኖቬምበር 9 ቀን ነዋሪዎቹ በአንድነት ወደ መቃብሩ ስፍራ እየሄዱ አበባ ያኖራሉ። ሙት ዓመቱ የከተማ ሙት ዓመት ነው።

ከተማዋም እንደገና ተሠራች። ዋናው ክፍሏ ከባሕሩ ራቅ ብሎ ወደ ውስጥ ተተከለ። ነገር ግን ለዓሣ አጥማጅ ሕይወት ባሕሩን ሸሽቶ መኖር ቀላል አይደለም። ጀልባው ያለው በባሕሩ ዳር ነው፤ መረቡን የሚያደርቀው፣ ምርቱን የሚያራግፈው እዚያው ነው። ስለዚህ «ላ ፕላያ» በሚባለው፣ ማለትም «ባሕር ዳሩ» በሚሰኘው ሠፈር የእንጨት ቤቶች እንደገና በቀሉ። ይህን ድርጊት ከሩቅ ሆኖ ሞኝነት ነው ብሎ መንቀፍ አይገባም። ሰው እንጀራው ካለበት ስፍራ አይርቅም። ጥያቄው ሰው ለምን በአደጋ አጠገብ ይኖራል የሚለው ሳይሆን፣ በአደጋ አጠገብ መኖር ግድ ሲሆንበት እንዴት ይጠበቅ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ መሰጠት የጀመረው ከሌላ ትልቅ ኀዘን በኋላ ነው። በኦክቶበር 1963 ፍሎራ የተባለው አውሎ ነፋስ በምሥራቅ ኩባ ላይ ለቀናት እየተመላለሰ ዝናቡን አወረደ። የካውቶ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ባሕር አደረገው፤ ከ1,000 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ይህ ሽንፈት በዝምታ አልታለፈም። ጎርፉን የሚይዙ ግድቦች ተሠሩ። በ1965 የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በ1966 ደግሞ የሲቪል መከላከያ ሥርዓት በሕግ ተደነገገ። ሥርዓቱ በየሠፈሩ ያሉትን የነዋሪዎች ኮሚቴዎች፣ የሴቶችና የሠራተኛ ማኅበራትን፣ የሠፈር ሐኪሞችንና ነርሶችን በአንድ የሥራ ክፍፍል ያስተሳሰረ ነው።

አሠራሩን በቅርብ ስንመለከተው ምሥጢር የሌለው ሆኖ እናገኘዋለን። የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚጀምረው ጁን 1 ቀን ነው። ከዚያ በፊት በየዓመቱ፣ ከ1986 ጀምሮም «ሜቴዎሮ» በሚባለው አገር አቀፍ ልምምድ፣ የየሠፈሩ ሰው ዕቅዱን ይፈትሻል። ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞሮ ይመዘግባል። የትኛው ቤት ጣሪያው ደካማ ነው? ነፍሰ ጡር ያለችው የት ነው? አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት በማን ቤት አሉ? እነርሱን ተሸክሞ የሚያወጣው ማን ነው? በማን መኪና? ወደ ማን ቤት? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በስም የተጻፈ መልስ አላቸው። ከጠረፍ ከሚነሡት ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠለሉት በትልልቅ የመንግሥት መጠለያዎች ውስጥ ሳይሆን ጠንካራ ቤት ባላቸው ዘመዶችና ጎረቤቶች ዘንድ ነው። የሰው ልብ በንብረቱ ላይ ስለሚንጠለጠልም ቴሌቪዥኑ፣ ማቀዝቀዣውና ከብቱ ሳይቀሩ አብረው እንዲነሡ ይደረጋል። አደገኛ ቅርንጫፎች አስቀድመው ይቆረጣሉ። ነፋሱ ከመድረሱ በፊት የኤሌክትሪክ ኃይሉ ይቋረጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አነጋገራችን የሚገልጸው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ቀን

በ2008 የአውሎ ነፋሱ ወቅት ለኩባ ሕዝብ እጅግ ከባድ ነበር። በኦገስት መጨረሻ ጉስታቭ፣ በሴፕቴምበር አይክ ደሴቲቱን መቷት፤ አይክ 7 ሰዎችን ገደለ። ሕዝቡ የፈረሰውን ገና ሳይጠግን፣ በኖቬምበር መጀመሪያ ፓሎማ የተባለው ሦስተኛው አውሎ ነፋስ ከደቡብ ተነሣ። መንገዱም የ1932ቱን ይመስል ነበር። መጀመሪያ ካይማን ብራክን መታ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ሳንታ ክሩዝ ዴል ሱር አዞረ። ከተማዋ የደረሰው ቅዳሜ ኖቬምበር 8 ቀን 2008 ማምሻውን፣ ማለትም ሕዝቡ ለ76ኛው ሙት ዓመት ወደ መቃብሩ ሊሄድ በነበረበት ዋዜማ ነው።

በዚህች ከተማ ውስጥ ስለ አደጋው ማስረዳት ብዙ ንግግር አልጠየቀም ብንል ማጋነን አይሆንም። የኖቬምበር 9ን ትርጉም ሕፃኑም አዛውንቱም ያውቀዋል። በየዓመቱ አበባ ይዞ ወደ መቃብር የሄደ ልጅ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ተምሯል። በመላ አገሪቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከአደጋው ቀጣና አስቀድሞ ሲነሣ፣ የሳንታ ክሩዝ ዴል ሱር ጠረፍ ነዋሪዎችም ሠፈራቸውን ለቀው ወደ ውስጥ ተጓዙ። ባሕሩ እንደ ልማዱ ተነሣ። ወደ ላ ፕላያ ገብቶ ቤቶችን በመቶ እየቆጠረ አፈራረሰ። በባዶ ሠፈር ላይ ስለመጣ ግን የሚገድለው ሰው አላገኘም። በኩባ ምድር በፓሎማ ምክንያት የሞተ ሰው አልተመዘገበም።

ሚዛናችን ትክክለኛ እንዲሆን አንድ ነገር መጨመር አለብን። ፓሎማ በባሕር ላይ እጅግ ከበረታ በኋላ ወደ የብስ ሲቃረብ ተዳክሟል። ስለዚህ ሁለቱ አውሎ ነፋሶች በኃይል እኩል ነበሩ ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ደካማ የተባለውም ነፋስ ቤቶቹን ለማፍረስ በቅቷል፤ በቤቶቹ ውስጥ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን እንደሚደርስበት ግልጽ ነው። በሰውና በሞት መካከል የቆመው የነፋሱ መድከም ብቻ ሳይሆን የሕዝቡ መደራጀት ጭምር መሆኑ አያጠራጥርም።

ያልተፈቱት ችግሮች

ይህን ስንል ግን በኩባ ሁሉ ነገር ተሟልቷል የሚል ሥዕል ለመሣል አይደለም። ጉድለትን የሚሸፍን ምስጋና ለማንም ትምህርት አይሆንም። ነፍስን ማትረፍ የመጀመሪያው ግዴታ ቢሆንም የመጨረሻው አይደለም። ከመጠለያ ሲመለስ ቤቱን በስፍራው ያላገኘ ዓሣ አጥማጅ በሕይወት መኖሩ ቢያስደስተውም፣ ጣሪያ ያስፈልገዋል። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና እንጨት በቀላሉ በማይገኙበት አገር በአንድ ሌሊት የፈረሰውን መልሶ ለመሥራት ዓመታት ይወስዳል። በዚያው በ2008 በጉስታቭና በአይክ የፈረሱት ቤቶችም ተራ ይጠብቁ ነበር። በ2017 በኩባ የጸደቀው «ታሬያ ቪዳ» የተባለው ዕቅድ በአደጋ በተጋለጡ ጠረፎች ላይ አዲስ ቤት እንዳይሠራና ነዋሪዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንዲዛወሩ ይደነግጋል። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ቢሆንም፣ የዓሣ አጥማጁን ቤት ከጀልባው የሚያርቅ ስለሆነ ከሠራተኛው ጋር በመመካከር ካልተፈጸመ በስተቀር በወረቀት ላይ የመቅረት አደጋ አለው።

ከዚህም የከበደ ማስጠንቀቂያ አለ። ድርጅት አንድ ጊዜ ተቋቁሞ ለዘለዓለም የሚሠራ መሣሪያ አይደለም። በ2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ በኩባ 10 ሰዎችን ገድሏል። በኦክቶበር 2024 ደግሞ ኦስካር የተባለው አነስተኛ አውሎ ነፋስ በምሥራቁ ጫፍ በጓንታናሞ ክፍለ ሀገር ሲገባ፣ የመላ አገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር ከቀናት በፊት ወድቆ ሕዝቡ በጨለማ ውስጥ ነበር። ማስጠንቀቂያው የሚተላለፍባቸው ቴሌቪዥንና ስልክ ተዳክመው በነበሩበት በዚያ ሰዓት ጎርፉ በድንገት መጣ፤ ቢያንስ 7 ሰዎችም ሞቱ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ማስጠንቀቂያ በአንድ መስመር ብቻ የሚመጣ ከሆነ መስመሩ በተቆረጠ ጊዜ ሠፈሩ ደንቆሮ ይሆናል ማለት ነው። በር እያንኳኳ የሚነግር ጎረቤት የሚተካ መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ለእኛ ያለው ትርጉም

የኩባ ሕዝብ ለኛ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ በቆመው የትግላችን ሐውልት፣ በኦጋዴን ጦርነት በኢትዮጵያ ምድር የወደቁ ኩባውያን ምስል ይገኛል። ከዚያ ጦርነት በኋላም፣ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡትን ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ፣ «የወጣቶች ደሴት» በሚባለው ስፍራ ተምረዋል። ያቺ ደሴት በ2008 በጉስታቭ እጅግ ከተጎዱት ስፍራዎች አንዷ ናት። በዚያም አውሎ ነፋስ ቤቶች በሺህ ሲፈራርሱ በኩባ የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ዛሬ በመካከላችን የሚገኙት የዚያ ደሴት ተማሪዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስለዚህ ሕዝብ ኑሮ ከኛ የበለጠ ሊነግሩን ይችላሉ።

አገራችን ሃሪኬን አይደርስባት ይሆናል። ነገር ግን ከሳንታ ክሩዝ ዴል ሱር የምንወስደው ትምህርት በባሕር ዳር የሚቀር አይደለም። በየቀበሌያችን፣ በየዕድራችንና በየሥራ ቦታችን የሙታንን ስም የሚይዝ መዝገብ አለን። ሰው ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ማን እህል እንደሚያዋጣ አስቀድመን ተከፋፍለናል፤ ይህም የምንኮራበት ባህላችን ነው። እንግዲህ ለቀባሪነት የምናውለውን ይህን የሥራ ክፍፍል ለአዳኝነትም እንዲውል የሚከለክለን ምንድን ነው? በሠፈራችን አልጋ ላይ የዋለው አዛውንት ማን እንደሆነ፣ ጎርፍ ወይም እሳት ቢነሣ በማን ትከሻ እንደሚወጣ በስም የጻፈ ማኅበር አለን? የዘንድሮው ዝርዝር ካምናው ጋር ተነጻጽሯል? መብራት ቢጠፋ ማን ማንን ይቀሰቅሳል? እያንዳንዱ አባል በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ጥያቄ ቢያነሣ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

በሳንታ ክሩዝ ዴል ሱር የጋራ መቃብር ውስጥ ያረፉት ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡት ከተፈጥሮ ኃይል የተነሣ ብቻ ሳይሆን የሚያነሣቸው በማጣታቸው ጭምር ነው። ከተማቸው ይህን አልረሳችም። በየዓመቱ በአበባ ታስባቸዋለች፤ በ2008 በዚያች የቅዳሜ ምሽት ደግሞ ባዶ በተደረገው ሠፈር አሰበቻቸው። ከሁለቱ መታሰቢያዎች የትኛው እንደሚበልጥ መምረጥ አያስፈልግም፤ ሁለተኛው ሊኖር የቻለው የመጀመሪያው ስላልተቋረጠ ነውና። የሞቱትን በእውነት የሚያስታውስ ማኅበር፣ በሕይወት ያሉትን በስማቸው፣ በቤታቸውና በሚያስፈልጋቸው እርዳታ ለይቶ የሚያውቅ ማኅበር ነው።